ጉልበታችን ሳያልቅ አንድ የእንጨት ወለል

ለሐዋሳ ከተማ የባህልና የወጣቶች ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣
ለከተማችን ነዋሪዎችም በሙሉ፦

ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬ 22 ነው። ግራ ጉልበቴ ግን የ22 ዓመት ልጅ ጉልበት አይመስልም። ጠዋት ከአልጋ ከመውረዴ በፊት አሸት አሸት አደርገዋለሁ። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እይዛለሁ። መኪና አልገጨኝም፤ ወድቄም አላውቅም። ተወዛዋዥ ነኝ። 9 ዓመት የተለማመድኩት ደግሞ ሲሚንቶና ድንጋይ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። እማዬ «ብዙ ከጠየቅሽ አንዱንም አይሰሙሽም፤ አንዱን ያዢ» ብላኛለች። ስለዚህ አንዱን ይዣለሁ። ለሐዋሳ ተወዛዋዦች ወለሉ እንጨት የሆነ አንድ የመለማመጃ ክፍል ስጡን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለምን እንደምጠይቅ ለማስረዳት ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ እባካችሁ ታገሱኝ።

ያደግኩት አቶቴ ሰፈር ነው። እማዬ ከወላይታ ሶዶ ነው የመጣችው። አባዬ የወሎ ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ሲነዳ ሐዋሳን ወዶ እዚሁ ቀረ። ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ ከምባታው፣ ኦሮሞው አንድ ቧንቧ ነበር የምንቀዳው። ሠርግ ሲመጣ ዳሱ አንድ ነው፤ ጭፈራው ግን በየተራ ይገባል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበላል። ልጅ ሆኜ ጭፈራ ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር፤ የሁሉም ቤት የራሱን ይዞ የሚመጣበት።

እማዬ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ስትጫወት ዓይኔን አልነቅልም። ወገቧ ይሠራል፤ ደረቷ ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል። እየጨፈረች ከጎረቤት ጋር ታወራለች። እኔ ልሞክረው ስል ሁሉ ነገሬ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ስድስት ዓመቴ ነበር። የሰው ገላ ለየክፍሉ ተለይቶ ሊታዘዝ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መሆን ፈልጌ አላውቅም።

መምህሬን ያገኘኋቸው በ13 ዓመቴ ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጽፈውም። ጋሼ ነው የምንላቸው። በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ። አንድ ከበሮ አላቸው። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ይሰበስቡ ነበር። ገንዘብ አይቀበሉም። የሚፈልጉት ሰዓት ማክበርና የታጠበ እግር ብቻ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ትከሻ የሚባል ነገር አላስነኩንም። እስክስታ ልንማር መጥተን ስንራመድ እንውላለን። በከበሮው እንራመዳለን፣ እናጨበጭባለን፣ እንተነፍሳለን። አንዳንዱ ልጅ ሰልችቶት ቀረ። እኔ ሳላቋርጥ የቆየሁት ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው። በአራተኛው ወር ጋሼ ፊቴ ቆሙና «ትከሻ አይገፋም፣ ይወድቃል» አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የጀማሪ እስክስታ ከሩቅ ይታወቃል። አንገቱ ይደነድናል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትከሻውን በጉልበት ወደ ፊት ይወረውራል። የሚችል ሰው ግን ትንፋሹን ይለቅና ትከሻውን ይጥለዋል፤ የሚያነሳው ምቱ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ጉራጌ መጣ። ጉራጌ ሳንባ ይጠይቃል። ጉልበት ከፍ፣ እጅ ፈጠን፣ ማረፊያ የለም። ትግርኛ ደግሞ ትዕግሥት ነው። እየዞርክ በእርጋታ ትረግጣለህ፣ ከበሮው እስኪፈጥን ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ዞረህ ትከሻህን ትለቃለህ። ቸኩሎ የገባ ሰው ክቡን በሙሉ ያበላሻል። የወላይታውን የተማርኩት ከእማዬ ነው፣ ጓዳ ውስጥ፣ የቡና ረከቦቱን ወደ ጥግ ገፍተን።

ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። ሰዎች ሲያደንቁን «ተሰጥኦ ነው እኮ» ይሉናል። ከልባቸው እንደሚሉት አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁም። ግን ይህች ቃል ጎድታናለች። ተሰጥኦ ነው የተባለ ነገር መምህር የሚያስፈልገው አይመስልም። ክፍልም፣ በጀትም አይታሰብለትም። እንደ ሣር በራሱ የሚበቅል ይመስላል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማርኩት ሙያ ነው፤ ዛሬም አልጨረስኩትም።

ወደ ወለሉ ልመለስ።

እንለማመድበት የነበረው አዳራሽ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። ለመክሰስ አይደለም የማነሳው፤ ሥራውም ተገቢ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ወጣን። ከዚያ ወዲህ የምንለማመደው ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እንወጣለን፤ 12 ሰዓት ሳይሞላ እንጀምራለን። ቦታው ሲበዛ ያምራል። ሐይቁ ላይ ጉም አለ፣ የዓሣ ጀልባዎች ይመለሳሉ፣ አባ ኮዳዎቹ በረጃጅም እግሮቻቸው ቆመው ያዩናል። የሚሮጡ ሰዎች ሰላምታ ይሰጡናል። ሙዚቃው ከስልክ ነው፤ ከበሮው የጋሼ። ይህን ሁሉ እወደዋለሁ። እግራችን ሥር ያለው ግን ድንጋይ ነው።

ድንጋይና ሲሚንቶ ለተወዛዋዥ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። ስትዘል መሬቱን የምትመታው ከክብደትህ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ወለሉ እንጨት ከሆነና ከሥሩ ክፍተት ካለው፣ ትንሽ ይሰምጥልሃል፤ ምቱን ይካፈልሃል። ሲሚንቶ ግን ምንም አይቀበልም። ሁሉንም መልሶ ለአንተ ይሰጥሃል። መጀመሪያ ቅልጥምህ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ጉልበትህ፣ ከዚያ ወገብህ። አንድ ቀን ምንም አይልም። እኛ ግን አንድ ጉራጌ ስንለማመድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው የምንረግጠው፤ በሳምንት አምስት ቀን። ሸክላ ንጣፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። አንዷ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚቷ የዞረው ንጣፍ ላይ ነው። አሁን ትታዋለች። ከሁላችንም የበለጠች ነበረች።

በዓለም ላይ ያሉ የዳንስ ትምህርት ቤቶች የእንጨት ወለል የሚያነጥፉት ለጌጥ አይደለም። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ አንድ አናጢ ጎረቤታችንን ጠየቅኩት። ከሥር ቁርጥራጭ የመኪና ጎማ፣ ከላዩ ሞራሌ በመስቀለኛ፣ ከዚያ ኮምፔንሳቶ በሁለት ድርብ፤ በቃ። «ይሄማ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጎዳኝ ነገር የሁለት ሳምንት ሥራ መሆኑን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልገልጽላችሁ አልችልም።

አሁን ስለማምንበት ነገር ትንሽ ልንገራችሁ። ክፍል የምትሰጡት ሰው ምን እንደሚሠራበት ማወቅ አለባችሁና።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዝግጅት ላይ የሲዳማን ባህላዊ ጭፈራ፣ ቄጣላን፣ አቀረብን። ከቪዲዮ ነው ያጠናነው። በኪቦርድ አጅበን፣ ፍጥነቱን ጨምረን፣ ሦስት ደቂቃ አድርገነው። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ስንወርድ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ አስጠሩኝ። «ልጄ፣ እግራችሁ ቆንጆ ነው። ግን ማንም ማንንም አልሰማም» አሉኝ። ቄጣላ ላይ አንዱ ቃሉን ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ቃሉ በየጊዜው አዲስ ነው፤ የአገሩን ጉዳይ፣ የተበደለውን፣ የሚያኮራውን ያነሳል። እግር የሚረግጠው ቃሉን ሰምቶ ነው። እኛ እግሩን ብቻ ወስደን ጆሮውን ትተነዋል።

አፈርኩ። በሚቀጥለው ፍቼ ጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሰማሁ። አልቀረጽኩም። አልጨፈርኩም። በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ መግባባት እችላለሁ፤ የሽማግሌ ቃል ግን ጥልቅ ነውና ያልገባኝን አጠገቤ የቆመችውን ልጅ እየጠየቅኩ ነበር። ሴቶቹ ሆሬ ሲሉ፣ ወጣቶቹ ፋሮ ሲጫወቱ፣ አረጋውያኑ ቄጣላ ይዘው ሲመጡ አየሁ። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ማንን እንደሚያስቀድም ቪዲዮ ላይ አይታይም። ፍቼ ጫምባላላ በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ደስ ብሎናል። የማይዳሰስ የተባለው ግን የሚኖረው በሰው ገላ ውስጥ ነው። አያንቶው ኮከብ ቆጥሮ ቀኑን የሚያውቅበት ዕውቀት ዓይኑ ውስጥ አለ። የቄጣላው ዕውቀት ጆሮና እግር ውስጥ አለ። ያ ሽማግሌ ያሉኝን ባይሉኝ ኖሮ እኔ ዛሬም ባዶውን እግር ለልጆች አስተምር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወሰንኳቸው ነገሮች አሉ። ባለቤቶቹ ጋር ሄጄ ያልተማርኩትን ጭፈራ መድረክ ላይ አላወጣም። የተማርኩትን ሳቀርብ ከማን እንደተማርኩ አስነግራለሁ። ያስተማረኝን ሰው በባዶ እጅ አልሸኝም፤ ቢያንስ የትራንስፖርቱንና የቡናውን። ለጭብጨባ ብዬ ደግሞ ምት አላፈጥንም። በዚህ የተነሳ ሁለት ሥራ ቀርቶብኛል። አልጸጸትም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ለመናገር ይከብዳል። በሳምንት ሦስት ማታ አንድ ባህል ቤት እሠራለሁ። ለአንድ ምሽት 400 ብር ይከፈለኛል። ከዚያ በላይ የሚገኘው ከሽልማት ነው። ሽልማት ጥንትም ያለ ወግ ነው፤ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ክብር ነው፤ አልጠላውም። ግን ግንባር ላይ የማይቆም እጅ አለ። ሴት ተወዛዋዥ ሁሉ የምለውን ታውቃለች። መጀመሪያ ዝም እል ነበር፤ ሥራዬ እንዳይሄድ። ኋላ ለቤቱ ባለቤት «ሽልማት ሰፌድ ላይ ይሁንልን» ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡበትና እሺ አሉ። አሁን ሰፌዱ ከበሮው አጠገብ ይቀመጣል፤ ሰው መጥቶ እዚያ ያስቀምጣል። የምናገኘው አልቀነሰም። የከተማችን ነዋሪዎች ሆይ፣ እናንተም የትም ቤት ስትገቡ ብሩን እንዲህ ብትሰጡን ደስ ይለናል። ሠርግም ላይ እንዲሁ።

አባዬ ይህን ሥራ አይወደውም። «ጭፈራ እንጀራ አይሆንም» ይለኛል። እሱን ደስ እንዲለው አካውንቲንግ ተምሬ በዲፕሎማ ተመርቄያለሁ፤ ቀን ቀን አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። አልፈርድበትም። እሱ ባደገበት አገር «አዝማሪ» ስድብ ነበር። ሰው በሠርጉ ላይ አዝማሪውን አብልቶ አጠጥቶ፣ ልጁን ግን አይሰጠውም። አባዬ የሚፈራው ይህን ነው። እኔን እንዳይንቁብኝ ነው።

ግን የዚህች አገር ተወዛዋዦች የት እንደደረሱም አውቃለሁ። ጋሼ ስልኬ ላይ «ሕዝብ ለሕዝብ»ን ያሳዩን ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ለተደረገልን እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ፣ ከየቦታው የተውጣጡ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች በ1980 ዓ.ም. አውሮፓንና አሜሪካን ዞሩ። አንድ አገር «አመሰግናለሁ» ለማለት ሲፈልግ ተወዛዋዦቹን ነው የላከው። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ቪዲዮውን ያቆሙታል። ተራ ይደርሰኛል ብለው ጠብቀው ሳይሄዱ የቀሩ ሰው ናቸው።

በፈረንጆቹ 1996 ደግሞ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ አንድ ትልቅ ሥራ ለመድረክ አበቃ። ከዚያ «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ልጆቹ ለዓመታት ሠለጠኑ። ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል በፈረንጆቹ 2004 ከጃፓናዊው የዳንስ ጠቢብ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ በዓለም አቀፍ ውድድር ተመረጠ። ኋላ ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። ይህን ታሪክ ስሰማ የገረመኝ ሽልማቱ አይደለም። ጎዳና ላይ የነበረ ልጅ መምህርና ጊዜ ሲያገኝ የት እንደሚደርስ ነው።

መላኩ በላይን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካዛንቺስ በነበረ አዝማሪ ቤት ለሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ማታ ማታ እዚያው ባንኮኒው ሥር እያደረ ለዓመታት ኖረ። ኋላ ያንኑ ቤት ራሱ ይዞ ፈንዲቃን የባህል ማዕከል አደረገው፤ እስክስታን ይዞ ዓለምን ዞረ። ስለ እሱ ሳስብ እኮራለሁ። ግን እፈራለሁም። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ልጅ ሁሉ ባንኮኒ ሥር ማደር አለበት? እሱ የብረት ሰው ነው። ከእኛ መካከል እንደ እሱ ጎበዝ የሆኑ፣ እንደ እሱ ብረት ግን ያልሆኑ ልጆች አሉ። ቁርጭምጭሚቷ የዞረው ጓደኛዬ አንዷ ናት።

እኔ ምን መሆን እንደምፈልግ ልንገራችሁ። ኮሪዮግራፈር መሆን እፈልጋለሁ። እዚሁ ሐዋሳ። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙ ጓደኞቼ ሄደዋል፤ ለክሊፕ ሥራ እዚያ ይሻላል። እኔ የምፈልገው ሥራ ግን እዚህ ነው ያለው።

አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋለች። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እንደ እሷ ያሉ ብዙ ልጃገረዶች ከየገጠሩ ወደዚህ ከተማ መጥተዋል። አንድ ሌሊት ነቅቼ ሳያት ተኝታ እጇ ይንቀሳቀሳል። ጨርቁን ትይዛለች፣ ትገፋለች፣ ታዞራለች፣ ትለቃለች። ሳትሳሳት፣ በምት። ተነስቼ ተቀመጥኩና እስኪነጋ አየኋት። ያንን እንቅስቃሴ ይዤ አንድ ሥራ ጀምሬያለሁ። 12 ሴቶች፣ 40 ደቂቃ። ጎህ ሲቀድ ሰርቪስ ከመጠበቅ ይጀምራል። እያንዳንዷ ሴት ከመጣችበት አገር የያዘችው ጭፈራ አለ፤ ማሽኑ ግን ሁሉንም በአንድ ምት ይነዳቸዋል። መጨረሻ ላይ እሑድ ነው፤ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠቡ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች። እንደ ልጅነቴ ግቢ። ግማሹን ሠርቼዋለሁ። ቀሪው ግማሽ መሬት ላይ መውደቅና መንከባለል አለው። ድንጋይ ላይ መውደቅ አልችልም። ስለዚህ ሥራው ቆሟል።

ስለ ስም አንድ ነገር ላንሳ፤ ቶሎ አልፈዋለሁ። ባለፈው ዓመት የፈጠርኩት አንድ ቅንብር በአንድ ዘፈን ክሊፕ ላይ ወጣ። ስሜ የለም። በክፋት የተደረገ አይመስለኝም፤ መጻፍ እንዳለበት ያወቀ አልነበረም። በሕጋችን ግን የውዝዋዜ ቅንብር የፈጠረው ሰው ሥራ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል፤ ተወዛዋዡንም ከዘፋኙና ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ከዋኝ ብሎ ይቆጥረዋል። ይህን እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሐይቅ ዳር የተፈጠረ ነገር መዝገብ የለውም፣ ቀን የለውም። ክፍል ቢኖረን ደብተር ይኖረናል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ ይጻፋል።

ስለ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ። ታናሽ ወንድሜ አምስተኛ ክፍል ሆኖ ይማረዋል። መጽሐፉ ውስጥ ውዝዋዜ ሳገኝ እልል ነው ያልኩት። መምህሩ ግን ትሁት ሰው ናቸውና «እኔ የሠለጠንኩት በሌላ ነው፤ ይህን ክፍል አንብቤ ነው የማልፈው» አሉኝ። ሁለት ሐሙስ ሄጄ አሳየኋቸው። 60 ልጅ በዴስክ መካከል ትከሻውን ሲጥል ማየት ነበረባችሁ። አንዲት የኋላ ወንበር ልጅ ምንም ሳላስተምራት ትንፋሿን ለቃ ጣለችው። እኔ አንድ ዓመት የፈጀብኝን። የት ልላካት? «ሐይቅ ዳር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነይ» ልበላት? የ11 ዓመት ልጅ ናት።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። 10 በ12 ሜትር የሆነ ክፍል ለ20 ሰው ይበቃናል። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ዕቃ የሞላው መጋዘን፣ ሥራ ያቆመ አዳራሽ፣ ጣሪያው የማያፈስ ከሆነ ይሆናል። ወለሉ አናጢው እንዳለው ይሠራል። አንዱ ግድግዳ ላይ መስታወት። ውሃና መጸዳጃ ቤት። ሴቶች ልብስ የሚቀይሩበት መጋረጃ ያለው ጥግ። በሩ ላይ የሰዓት ሰሌዳ፤ የትኛው ቡድን መቼ እንደሚገባ በግልጽ የተጻፈበት። የከተማው ቡድኖች ሁሉ በተራ ይገባሉ። የባህል ቡድኑም፣ ሂፕ ሆፕ የሚሠሩት ልጆችም፣ የሰርከስ ልጆችም። ቁልፉን የሚይዝ ሰው እናንተ መድቡ፤ ጽዳቱን እኛ እንሠራለን። ስብሰባ ሲኖር ወጥተን የምንጠብቅበት ቦታ እንዳይሆን ብቻ አደራ። አንዴ ወለሉ ላይ ወንበር ከተጎተተበት አለቀለት።

በምላሹ ምን እንሰጣለን? ሰባት ነን ይህን ደብዳቤ የተስማማንበት። ቅዳሜ ጠዋት ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 14 የሆኑ ልጆችን በነጻ እናስተምራለን። ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚያስተምሩ መምህራን መጥተው እንዲለማመዱ በሳምንት አንድ ከሰዓት እንሰጣለን። አረጋውያንን ጋብዘን፣ ቡና አፍልተን፣ የሚያውቁትን እየቀረጽን እናስቀምጣለን፤ በየቋንቋው፣ ከነቃሉ፣ ከነትርጉሙ። ይህ መጠበቅ የማይችል ሥራ ነው። እኔን የመከሩኝ ሽማግሌ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። የነገሩኝን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ድምፃቸው ግን የለኝም።

እንግዳ ሲመጣ የምትጠሩን እኛን ነው። እንመጣለን፤ ደስ ብሎን ነው የምንመጣው። አንድ ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን አራት ደቂቃ ጨፈርን፤ አስፋልት ላይ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ፤ ከተማችን አማረች፤ እኔም ኮራሁ። ማታ ጉልበቴ ላይ በረዶ ይዤ ተኛሁ። የምጠይቃችሁ ያቺ ሐዋሳን ወክላ የምትወጣ ልጅ በቀሪው 364 ቀን የምትረግጥበት ቦታ እንዲኖራት ነው።

ይህን የምጽፈው በሚያዝያ 21 ዋዜማ ነው። ከፈረንጆቹ 1982 ጀምሮ ይህ ቀን የዓለም የዳንስ ቀን ተብሎ ይከበራል። እኛም እናከብረዋለን፤ ከጋሼ ጋር ዳቦና ሻይ ይዘን።

የአናጢውን የዕቃ ዝርዝርና ዋጋ ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ። ቦታ ተገኝቷል ብትሉን እሱ በማግስቱ መጥቶ ለመለካት ፈቃደኛ ነው፤ የእጁን ዋጋም ግማሹን ትቶልናል። ሴት ልጅ አለችው፤ ትጨፍራለች።

መጥታችሁ ብታዩን ደግሞ ከደብዳቤዬ ይሻላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ትንሽ አለፍ ብሎ ነን። ከበሮውን ሰምታችሁ ታገኙናላችሁ። ዝናብ ከጣለ ግን አንኖርም።

አክባሪያችሁ፣
ከአቶቴ አንዲት ተወዛዋዥ
ሐዋሳ